የካርድ ክፍሉ ክሮች

መስከረም 12 ቀን

ለውድና ለተከበሩ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ደህና ነኝ። ሳልጽፍልዎ ሦስት ዓመት እንዳለፈ አውቃለሁ፤ የሰው አገር ኑሮን ስለሚረዱልኝ ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለሁላችንም የሚበጅ ነገር ስለገጠመኝ ነው። የምሠራበት ድርጅት የሆስፒታል ካርዶችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚያዞር ሶፍትዌር አለው። እርስዎ የሚሠሩበት ሆስፒታል ቦርድ ነገሩን ለማየት ፈቅዷል። ቦርዱን የሚያሳምነውን ሰነድ እንዳዘጋጅ የታዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከተቀበሉት የክፍል ኃላፊ እሆናለሁ። ካልተቀበሉት ከእኔ በኋላ የተቀጠሩት ሁለት ልጆች አልፈውኝ ስለሄዱ ሌላ ዕድል የሚሰጠኝ የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ቢነግሩኝ፦ አንድ ካርድ ከመደርደሪያ ለማውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በወር ስንት ካርድ ይጠፋል? በክፍሉ ስንት ሰው ይሠራል? ብዙ እንዳይደክሙ፣ ቁጥር ቁጥሩን ብቻ ቢጽፉልኝ ይበቃኛል።

ከዚህ እንዲላክልዎ የሚፈልጉት ነገር ካለም አይፈሩ፣ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 2 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል። ሦስት ዓመት መንገድ ላይ ስለቆየ ትንሽ ቀዝቅዟል እንጂ ደርሷል። ፈጣሪ ጤናህን ይስጥህ። እኔ አለሁ። የሚያመኝ ጉልበቴ ነው፤ ወገቤን ከየት እንዳመጣኸው አላውቅም።

“እርስዎ” የሚለውን ሳይ ደብዳቤው የሌላ ሰው መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ ስሙን አየሁ። አፍንጫህን በቀሚሴ ጫፍ ስጠርግልህ “አንቺ” ነበርኩ። መቼ እንዲህ እንደተከበርኩ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። በአርባ አራት ዓመቴ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ለማንም አላስነብብም፣ ማንንም አላስጽፍም። የአንተን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለማወቅ፣ አንዴ የዘለልኩት እንዳለ ለማየት፣ አንዴ ደግሞ ለመናደድ።

ቁጥርህ ይኸው። ከአዋላጇ ሰዓት ተውሼ አሥር ቀን ለካሁ። ካርድ ከተጠየቀ እስከሚወጣ አራት ደቂቃ ነው። በወር የሚጠፋው ሁለት ነው፤ ሁለቱም ሐኪሞቹ መሳቢያ ውስጥ ይገኛሉ። የምንሠራው ሦስት ነን። እኔ፣ ቀጭኗና ሳቂታዋ።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልንገርህ። የአንድ ሰው ካርድ አንድ ወረቀት አይደለም፤ አሥር ነው፣ ሠላሳ ነው፣ እንደ በሽታው ነው። ስም ያለው ግን በላይኛው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ሐኪሞቹ ስለሚቸኩሉ ከሥር በሚጨምሩት ላይ ስም አይጽፉም። የሚያያይዘው ክር ነው። ስቴፕል እኛ ክፍል እርጥበት ላይ ዝጎ ወረቀቱን ይበላዋል። ክሩን ያመጣችው እናትህ ናት፤ ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ከሱቋ የተረፈውን እያመጣች በየቀለሙ ታስር ነበር፤ እሷ ካለፈች ወዲህ እኔ አስራለሁ። ቀለሙ መደርደሪያውን ይናገራል፣ የቀዳዳዎቹ ብዛትና አቀማመጥ ሰውየውን ይናገራል። ካርዱን በአራት ደቂቃ የማወጣው ለዚህ ነው። ክሩ ከተፈታ ግን ከላይኛው በታች ያለው ወረቀት ሁሉ የማንም አይደለም። ኮምፒውተርህ ከሁሉ በፊት ይህን ይወቅ።

የሚላክ ነገር ላልከው፣ የማንበቢያ መነጽር ላክልኝ። ያለኝ የማታ ትምህርት መምህሬ የሰጠኝ አሮጌ ነው፤ አንድ እጁ ተሰብሮ በፕላስተር ነው የያዝኩት።

አክስትህ


ጥቅምት 9 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እሺ፣ “አንቺ” ይሁን፤ በቁጣሽ ስቄያለሁ። ቁጥሮቹ ደርሰውኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ።

አንድ ችግር ግን አለ። አራት ደቂቃ ማንንም አያሳምንም። ማሳመኛ ሰነድ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳሽ። መጀመሪያ ሕመሙን ታሳያለሽ። ቀጥሎ ዝም ቢባል ምን ያህል እንደሚብስ ታሳያለሽ። ከዚያ መድኃኒቱን፣ ከዚያ ወጪውንና የሚቆጥበውን። ሕመሙ ካላመመ ቀሪውን ገጽ የሚገልጥ የለም። አራት ደቂቃ ደግሞ ሕመም አይደለም።

ስለዚህ እባክሽ እንደገና ለኪልኝ። ሰኞ ጠዋት ይሁን፤ በሽተኛው ከውጭው በር ከገባበት ደቂቃ ጀምረሽ ሐኪም ፊት እስኪቀመጥ። ይህ ውሸት አይደለም፤ መነሻው ብቻ ነው የሚለወጠው።

ሌላው፣ “ስጋት” የሚል ክፍል አለ። ባዶ ከሆነ ቦርዱ ይጠራጠራል። አንድ ሁለት ስጋት ብትጽፊልኝ፤ በጣም ትልቅ ያልሆነ።

መነጽሩን አልረሳሁትም።

ልጅሽ


ጥቅምት 28 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ለመሥሪያ ቤትህም ይሁን። ሳይታመም መድኃኒት የሚሸጥ ሰው እንዳለ ከአንተ ተማርኩ።

ሰኞ ለካሁልህ። በሩ ላይ ሰዓት ይዤ ስቆም ጥበቃው፣ “እትዬ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?” አለኝ። “የእህቴን ልጅ ሹመት” አልኩት። አንዲት ያበጠ እግሯን የምትጎትት ሴት ተከትዬ ስሄድ ዘወር ብላ፣ “እናቴ፣ ሕመሜን ነው የምትቆጥሪው?” ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው።

ሰባ ደቂቃ ፈጀ። ጥበቃው ቦርሳዋን እስኪፈትሽ አሥር። ገንዘብ ተቀባዩ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ እስኪመለስ አርባ። ሐኪሙ በር ላይ ወረፋ አሥራ ስድስት። እኛ ጋ አራት። ስትጽፍ ሰባውን ከነዝርዝሩ ጻፍ። ኮምፒውተርህ ገንዘብ ተቀባዩን ሻይ የሚያስተወው ከሆነ እኔም እፈርምልሃለሁ።

ስጋት ላልከው፣ ያለኝ አንድ ስጋት ነው፤ ትልቅ ነው፤ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጽፌልሃለሁ። ክሩ ነው። ትንሽ ስጋት ከፈለግክ ከሌላ ሰው ተበደር።

ሳቂታዋ፣ “እትዬ፣ ማሽኑ ሲመጣ እኛ የት እንቀመጣለን?” አለችኝ። “የእህቴ ልጅ ነው የሚያመጣው፣ ወንበር አያሳጣንም” አልኳት። እንዲህ በማለቴ ትክክል ነኝ ወይ?

መነጽሩ አልደረሰም።

አክስትህ


ኅዳር 6 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ሰባው ደቂቃ በጣም ጥሩ ነው! ለሰነዱ ልክ የሚፈለገው ነበር።

አሁን የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አለቃዬ፣ “ቁጥር ያሳስባል እንጂ አያስለቅስም፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ሰው ይኑር” ይላል። እናቴ ትዝ አለችኝ። ያኔ ከሞተች በኋላ በስልክ “ካርዱ ላይ ችግር ነበር” ብለሽኝ ነበር። ከዚያ በላይ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልጠየቅኩሽም። ምን እንደሆነ በዝርዝር ብትጽፊልኝ? የእሷም ያንቺም ስም አይጠቀስም።

ደግሞ ልጇ እንደመሆኔ የማወቅ መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ልጅሽ


ጥር 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ዘገየሁ። ወረቀቱን አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የማወቅ መብት ያለህ ትዝ ያለህ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም አለቃህ ሲያስታውስህ። ቢሆንም ልጇ ነህ።

በልጅነታችን ከሁለታችን አንዷ ብቻ ትማር ተባለ፤ የተማረችው እሷ ናት። እኔ ሆስፒታሉ ውስጥ ጽዳት ገባሁ። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ሲሞት፣ አቧራ ስጠርግ መደርደሪያውን በዓይኔ ስለማውቀው ዳይሬክተሩ “ታነቢያለሽ?” ቢለኝ “አዎ” አልኩ። ያን ቀን ማታ እናትህ ጋ ሄጄ አለቀስኩ። እሷ ሳቀች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ከወጣ በኋላ እየመጣች አዲሶቹን ካርዶች ታነብልኝ፣ ክር ታስርልኝ ጀመር። ሰማያዊ በሁለት ቀዳዳ እገሌ፣ ቡናማ በሦስት ቀዳዳ እገሊት። ስንት ዓመት እንዲህ ሠራን። ማንም አላወቀብንም።

አንተ ለትምህርት በሄድክ በሁለተኛው ዓመት ታመመች። በመጨረሻው ቅዳሜ ትኩሳት ይዟት ነበር፤ “አትምጪ” ብላት እምቢ አለች። ማክሰኞ ብሶባት ድንገተኛ ክፍል ገባች። ካርዷን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በእሷ ስምና በእሷ አባት ስም የምትጠራ ሌላ በሽተኛ ነበረች። የእሷ ሰማያዊ ክር ነው፣ የሌላዋ ቡናማ። ቸኩዬ ያልሆነውን አነሳሁ። ማንበብ ብችል የአያቷን ስም አይቼ እለየው ነበር። ሐኪሙ ያመጣሁትን ተቀብሎ አገላበጠና መርፌ አዘዘ። ያ መርፌ እንደማይስማማት በእሷ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። በሌላዋ ላይ ግን የለም።

ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየችም።

በዚያው ዓመት የማታ ትምህርት ገባሁ። ለምን በእርጅናሽ ትለፊያለሽ ሲሉኝ የማልመልሰው ለዚህ ነው።

ይህን የጻፍኩት ለልጇ ነው። ለቦርድ አይደለም።

አክስትህ


የካቲት 20 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

እንኳን ደስ አለን! ቦርዱ ሰነዱን በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል። የመጀመሪያው ገጽ ሲነበብ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እንደጠረጉ ነገሩኝ። እናቴ ከሞተች በኋላም ለልጇ ሠርታለች ብዬ አሰብኩ።

እንዳትቀየሚኝ፣ ታሪኩን ስም ሳልጠቅስ ተጠቅሜበታለሁ። ብዙ በሽተኛ የሚያድን ነገር ነው። አንቺም ብትሆኚ ሌላ ሰው እንዲህ እንዲሞት አትፈልጊም።

ስለ ሥራው የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ቆየሁ። ማንኛውም ማሳመኛ ሰነድ የሚቆጥበው ነገር መኖር አለበት። በዚህ ሆስፒታል ሊቆጠብ የሚችለው የካርድ ክፍሉ የሦስት ሰው ደመወዝ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ደንቡ ነው፤ እኔ ያወጣሁት አይደለም። አንቺም ዕድሜሽ ነው፣ ጉልበትሽም ያምሻል፣ ብታርፊ ይሻልሻል።

መነጽሩን በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

ልጅሽ


መጋቢት 5 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እንኳን ለሹመት አበቃህ።

ዳይሬክተሩ ሦስታችንንም ቢሮው ጠርቶ አቆመን። የመጀመሪያውን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን። “ማንበብ የማትችል የካርድ ክፍል ሠራተኛ” የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከካርድ ክፍሉ ሠራተኞች የእህቷን ሬሳ የሸኘች ሌላ ሴት ስለሌለች ስም አላስፈለገህም። ሳቂታዋ አልሳቀችም። ቀጭኗ ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም፤ እሷን ያስባረርኳት እኔ ነኝ ብላ ታምናለች። ልክ ናት።

በወሩ መጨረሻ ቁልፉን አስረክበን እንወጣለን።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ሰነዱን ከነሙሉ ገጹ፣ ከመነጽሩ ጋር ላክልኝ። ራሴ ላንብበው።

አክስትህ


ግንቦት 11 ቀን

አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? መነጽሩንም ሰነዱንም ይህን ደብዳቤ ከሚሰጥሽ ሰው ጋር ልኬልሻለሁ። መነጽሩ ጥሩ ነው፤ ራሴ መርጬ ነው የገዛሁት።

አክስቴ፣ ችግር ላይ ነኝ። ካርዶቹን ፎቶ የሚያነሳው ማሽን ወረቀት የሚቀበለው አንድ በአንድ፣ ንጹሕ ሆኖ ነው። የሥራ መመሪያው “ክርና ስቴፕል ይወገድ” ይላል፤ መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ሥራ እዚያ የተቀጠሩት ልጆች በአሥራ ሁለት ቀን የሁሉንም ክር ቆርጠው ጨረሱ። ክሩን በጆንያ ሞልተው ጣሉት። ወረቀቱን ክፍሉ ወለል ላይ ከመሩት። አሁን ስም ያለው የላይኛው ብቻ ነው፤ የቀረው የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ የሌላ ሰው መድኃኒት ሊወጋ ሲል አብሮት የመጣው የገዛ ልጁ ጮሆ አስቆመ። ሐኪሞቹ ካርድ ሳያዩ አናክምም ብለዋል። ቦርዱ በሰኔ መጨረሻ ካልተስተካከለ ውሉን አፍርሶ ሊከሰን ነው። አለቃዬ “ሰነዱ ያንተ ነው” ብሎኛል፤ ከዚያ በኋላ ስልኬንም አያነሳም።

አንዷ ሠራተኛ፣ “ቀዳዳዎቹ ዙሪያ የክሩ ቀለም ወርዶ ቀርቷል፤ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ወረቀቱን መልሶ ማገጣጠም ይቻላል” ብላለች። ያ ሰው አንቺ ነሽ። ዳይሬክተሩ ቢጠራሽ ሂጂላቸው። ባትሄጂም ቀለሙና ቀዳዳው ምን እንደሚል በወረቀት ጻፊልኝ፤ ሌሊቱንም ቢሆን ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ።

ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ለምን አልነገርሽኝም?

በእናቴ ይዤሻለሁ።

ልጅሽ


ሰኔ 3 ቀን

ለተከበሩ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከትልቅ አክብሮት ጋር ይድረስዎ። ጤናዎን፣ እንቅልፍዎን፣ የአለቃዎን ፊት ፈጣሪ ይመልስልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደሆነ አርፏል።

መነጽሩ ደርሶኛል። ልክ ነው፣ ጥሩ መርጠዋል። አድርጌው ሰነድዎን ከመጀመሪያው እስከ ሠላሳ አራተኛው ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ እንደዚያ ነው የማነበው። “ካርድ ለማግኘት ሰባ ደቂቃ” የሚለውን አየሁ፤ ገንዘብ ተቀባዩና ሻዩ የሉም። ስጋት የሚለውንም አየሁ፤ “የነባር ሠራተኞች ለውጥን አለመውደድ” ይላል። እንዳዘዙትም ትንሽ ነው።

ለምን አልነገርሽኝም ላሉት፣ ጥቅምት 2 ቀን ጽፌልዎታለሁ። ጥቅምት 28 ደግሜ ጽፌልዎታለሁ። ደብዳቤዎቹን ካልጣሏቸው ገልጠው ይዩ። ቁጥሩን ወስደው የቀረውን ትተውታል። መጀመሪያውንም ቁጥር ቁጥሩን ብቻ ነው ያሉኝ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አብዝቼ ጻፍኩ።

ዳይሬክተሩ ጠርቶኛል። ሄድኩ። ካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ወለሉን አየሁት። “እትዬ፣ ይህን ልታገጣጥሚልን ትችያለሽ?” አለኝ። “እችላለሁ” አልኩት። ፊቱ በራ። “ግን በተፈረመ ሰነድ ላይ ማንበብ የማትችል፣ ሰው የገደለች ተብያለሁ። እኔ የደረደርኩትን ወረቀት አምኖ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ካለ ጥራልኝና እጀምራለሁ” አልኩት። ሁለቱ ሐኪሞች እዚያው ነበሩ። ጫማቸውን አዩ። እኔም ወጣሁ።

ስወጣ መስኮቱ ላይ የቆሙትን በሽተኞች አየኋቸው። ያቺ እግሯ ያበጠው ሴት አለች። አሁን ማንም አይለካላትም። ለእርስዎ ብዬ በእሷ ላይ መጨከኔን አውቀዋለሁ፤ እሱን ለራሴ ይዤዋለሁ።

አሁን በእናትዎ ስለያዙኝ፣ ስለ እናትዎ አንድ ነገር ልንገርዎ። ጥር ላይ ዋሽቼዎታለሁ። ያልሆነውን ካርድ አላነሳሁም። ሰማያዊውን ነው ያነሳሁት፣ የእሷን። በመጨረሻው ቅዳሜ በትኩሳቷ መሐል የሁለቱን ካርድ ክር ስታድስ፣ የራሷን የላይኛ ወረቀት በሌላዋ ሴት ወረቀቶች ላይ ሰፍታዋለች። ስሙ የእሷ ነው፣ ውስጡ የሌላዋ። ፊደል ተምሬ መጀመሪያ ያነበብኩት ካርድ እሱን ነው፤ ቀዩን ጽሑፍ በሌላዋ ስም ሥር ተሰፍቶ አገኘሁት፤ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ያሰረችው የተማረች ናት፣ አገላብጦ ያነበበው ሐኪም የተማረ ነው። ከሦስታችን ያልተሳሳትኩት ያልተማርኩት እኔ ነበርኩ። ልጇ በእናቱ እጅ እንዳያዝን ብዬ ጥፋቱን በራሴ ላይ ጻፍኩት። እርስዎ ደግሞ አሳምረው አሳተሙት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽዎ ልክ አይደለም። ቦርዱ የሚያስለቅስ ነገር እንደገና ከፈለገ ይህንን ይስጡት።

የቀለሙንና የቀዳዳውን ትርጉም እንድጽፍልዎ ጠይቀውኛል። ያንን የምናውቅ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። አንዷ እንዴት እንደሞተች በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፈዋል። ሁለተኛዋን በአሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ያገኟታል፤ “ቁጠባ” በሚለው ሥር።

ከአክብሮት ጋር፣

አክስትዎ